«በኩል» የሚባለው ፖስታ ቤት

ጠጋ በሉ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚወጣውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት ቆጥሬ አላውቅም። መጀመሪያ የአውቶቡስ ረዳት ነበርኩ፤ ኋላ እንግዳ የሚጭን ላንድ ክሩዘር ያዝኩ። እንግዶቼ ሐሳባቸው ሁሉ ላሊበላ ስለሆነ የነፋስ መውጫን አገር፣ ጋይንትን፣ በእንቅልፍ ነው የሚያልፉት። ግራና ቀኙ ገደል ሆኖ እነሱ አንገታቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው ያንቀላፋሉ። እኔም አልቀሰቅሳቸውም። የሙያው የመጀመሪያ ምስጢር ይኸው ነው፤ የተኛ እንግዳ «ቀስ በል» አይልም።

አንድ ቀን ግን ጋቢና የተቀመጡ እንግሊዛዊ ሽማግሌ፣ ክምር ድንጋይን አልፈን ሽቅቡን ስንይዝ ነቁና «በዚህ መንገድ ድሮ የፖስታ ሠረገላ ይሄድበት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። በእሳቸው አገር ሰው በእረፍት ቀኑ መኪናውን አስነስቶ የአሮጌውን ፖስታ ሠረገላ መንገድ ተከትሎ ይነዳል አሉ። ፈረስ ይቀየርባቸው የነበሩ ማረፊያዎች ዛሬ ምሳ ይበላባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1784 ከብሪስቶል ወደ ለንደን የመጀመሪያው የፖስታ ሠረገላ ሲነሳ ጠባቂው ጡሩምባ ይዞ ነበር። ጡሩምባውን የሰማ የኬላ ዘበኛ በሩን ቀድሞ ይከፍታል፤ የንጉሥ ፖስታ ቀረጥ አይከፍልም፣ ደጅም አይጠናም።

ሳቅኩ። «እዚህ እግር እንጂ ጎማ አላለፈም፤ ፖስታም አልነበረም» አልኳቸው። እሳቸውም መልሰው ተኙ።

ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ነበር። ጎማ አልፏል፣ ያውም ከመኪና በፊት። ፖስታውም ነበረ፤ ያን ዕለት እንኳ ከጎናቸው በደረት ኪሴ ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ነበር።

መንገዱን ሁሉም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ በመጣው እርዳታ በደርግ ዘመን ተሠርቶ ወረታን ከወልድያ አገናኘ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ረዳት በነበርኩበት ጊዜ ጠጠር ነበር፤ ነፋስ መውጫ ስንደርስ የተሳፋሪው ሽፋሽፍት በአቧራ ነጭ ይሆናል፤ የጎሚስታ ቤት ወረፋውም ራሱን የቻለ አገር ነበር። አስፋልት ከለበሰ በኋላ ያ ሁሉ ቀረና እንቅልፉ መጣ።

ምክር ልስጣችሁ፤ ከባሕር ዳር ጎህ ሲቀድ ውጡ። ወረታ ላይ ግራው ወደ ጎንደር ነው፣ እናንተ ቀኙን ያዙ። የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት ዓለም በር እስክትደርሱ ድረስ በፍጥነት እለፉት፤ መልኩ ሜዳ ነው፣ ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ። ከደብረ ታቦር በኋላ ግን በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ጉና የሚታየው በቀኝ ነው። ይህን ለእንግዳ የሚነግር ሹፌር አላየሁም፤ ምክንያቱም የጋቢናው ቀኝ ወንበር ሁልጊዜ ለሚያውቁት ሰው የተያዘ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ፖስታ በአገራችን በአዋጅ የቆመው በምኒልክ ጊዜ፣ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። ቴምብሩ ፓሪስ ታተመ፤ በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ዳሩ ግን የኢትዮጵያ ፖስታ ቤት ለቤት አይዞርም ነበር፤ ሳጥን ተከራይተህ፣ ቁልፍ ይዘህ፣ ራስህ ሄደህ ነበር የምትወስደው። ስማዳ ቆላ ውስጥ ያለች እናት ምን ሳጥን አላት? ለእሷ የተፈጠረው ፖስታ ቤት «በኩል» ይባላል። ፖስታውን አገላብጣችሁ ብታዩት አድራሻው አገር ሳይሆን የሰው ሰንሰለት ነው፦ «ይድረስ ለእናቴ፣ ስማዳ። በአርብ ገበያው ሻይ ቤት በኩል፣ በመምሬ በኩል»። የሹፌሩ ስም አይጻፍም። ሹፌር መንገድ ነው።

ገና በጠዋቱ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡሱ ሳይነሳ ሰው ይመጣል። ትኬት አይቆርጥም። ረዳቱን በዓይኑ ይፈልገዋል፣ ፊቱን ያነበዋል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ይሰጠዋል፤ «አደራ» ይላል። ዋጋ አይጠየቅም፤ የሻይ ቢሰጥም አይከለከልም። ተቀባዩን የማላውቀው ከሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ «ገበያ የሚወጣው የት ነው?» እዚያ አገር የጊዜ ሰሌዳው በከተሞቹ ስም ላይ ተጽፏል። ሐሙሲት በሐሙስ፣ አርብ ገበያ በአርብ። ለታች ጋይንትና ለስማዳ የሆነ ደብዳቤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ነፋስ መውጫ ከገባ አርብ ገበያ ላይ ይደርሳል፤ ቅዳሜ ከተነሳ ግን ሳምንት ሙሉ ሻይ ቤት ከስኳሩ ጣሳ ሥር ይከርማል። የእስቴው ሌላ ነው፤ እሱ ነፋስ መውጫን አያይም፣ ከደብረ ታቦር ወይም ከሐሙሲት ወደ ደቡብ ተገንጥሎ መካነ ኢየሱስ ይገባል፣ ከዚያ እስከ ዓባይ አፋፍ በእግር ይወርዳል። ይህን ሳያውቅ የእስቴን ደብዳቤ ጋይንት ያደረሰ ረዳት ለወር ያህል መሳቂያ ይሆናል።

ላኪዎቹ እነማን ናቸው? ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የወረዱ ልጆች፣ ወታደሮች፣ ባሕር ዳር የሚማሩ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ ዓረብ አገር ያሉ ሴቶች ልጆች። የደብዳቤው መግቢያ ሁሌም ያው ነው፤ የጤና ጥያቄ፣ ምስጋና፣ ከዚያ የሰላምታ ዝርዝር። የጎረቤቱ ሁሉ ስም ይጠራል። አንዲት አክስት ከተዘለለች ላኪው ሲመለስ ይጠየቅበታል። ዋናው ጉዳይ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ይመጣል።

የደብዳቤን ነገር ካነሳን ደብረ ታቦር ላይ መቆም ግድ ነው። እንግዳ ስይዝ ጋፋትን አሳያለሁ፤ አፄ ቴዎድሮስ በሚስዮናውያኑ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች፣ በእነ ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል፣ መድፍ ያስሠሩበት ቦታ ነው። ሁሉም ስለ ትልቁ መድፍ፣ ስለ ሴባስቶፖል ይጠይቃል። እኔ ግን ለራሴ የማስበው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ መልእክተኛ ልኬ ወዳጅ ልሁን አሉ። የሰጡት ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሮን ነው። አያችሁ፣ «በካሜሮን በኩል» ነው። ካሜሮን ደብዳቤውን ወደ ባሕሩ ጠረፍ ላከውና ራሱ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ንጉሡ «ቱርኮች» ወደሚሏቸው ጠላቶቻቸው አገር ዞረ። ደብዳቤው በየካቲት 1855 ለንደን ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንኛውም ረዳት ያውቀዋል፤ ተቀበሉት፣ አንድ ቦታ አስቀመጡት፣ ረሱት። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተላልፎ መዝገብ ውስጥ ተኛ። ካሜሮን በታኅሣሥ 1856 ታሰረ። መልሱ ተጽፎ በእንግሊዝ መልእክተኛው በራሳም በኩል ምጽዋ የደረሰው በሐምሌ ነው፤ ራሳም ንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም.። ከጥቅምት 1855 እስከ ጥር 1858 ቁጠሩት።

ይህን ለእንግሊዝ እንግዳ አልነግርም። ጉርሻ ይቀንሳል።

ጎማው የመጣው በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም። በመስከረም 1860 መጨረሻ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊቱን አስከትለው፣ መድፎቹን በሠረገላ ላይ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሱ። ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል 500 ያህል ሰው በጠፍር ይጎትተው ነበር ይባላል። በፈረስ አይደለም፤ ይህን ሽቅብ ፈረስ አይችለውም። ከፊት መንገድ ጠራጊው፣ ድንጋይ ፈንቃዩ፣ ባሩድ አፈንጂው፤ ንጉሡም ከሰዉ ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን ወጥተው፣ በዋድላና በቤተ ሖር፣ የጅዳን ገደል ወርደው ወጥተው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የገቡት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ገደማ። እኔ ከደብረ ታቦር ጨጨሆ ምሳ ሳልበላ እደርሳለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጆሯችሁ ልበል። አስጎብኚዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ በመንገዱ ዳር የተፈለጠ ዓለት ባዩ ቁጥር «ይህ የቴዎድሮስ መንገድ ነው» ይላሉ። ከአስፋልቱ ዳር የምታዩት የተፈነቀለ ድንጋይ አብዛኛው የቻይናዎቹ ድማሚት ሥራ ነው። የንጉሡ መንገድ እውነተኛ ቁራጭ ማየት ከፈለጋችሁ ከመኪና ወርዳችሁ፣ ከጋሸና ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ፣ ወደ ጅዳ ገደል መሄድ ነው። እስረኞቹን ለማስፈታት የዘመተው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ከሰሜን ሲመጣ የተጠቀመው ቴዎድሮስ ጅዳና በሽሎ ላይ የጠረጉትን ይህንኑ መንገድ ነው፤ የሞታቸውን መንገድ በገዛ እጃቸው አበጅተው ጠበቁት። ለእንግዳ ግን ይህ ቀን ይበላል፣ ፕሮግራም ያበላሻል፤ ስለዚህ በቻይና ድንጋይ እናስደስተዋለን።

ወደ ጉና እንመለስ። ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ ላይ ጅብራና ጓሳ፣ ከሥሩ ገብስና ድንች። የርብና የጉማራ ውኃ ከእሱ ይነሳና ጣና ይገባል። ጠዋት ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከቀትር በኋላ ጉም ይለብሳል፣ በክረምትማ የፊት መብራት አብርቶ መንዳት ነው። ክምር ድንጋይ ላይ ቁሙ። ትኩስ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ብሉ፣ ሻዩን ጠጡ። የስሙን ታሪክ አትጠይቁ፤ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት ታሪክ ትሰማላችሁና ምሳ ያመልጣችኋል።

ከዚያ እስከ ነፋስ መውጫ ድረስ ያለው ነው የእኔ። ከተማዋ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ስሟን ያወጣላት ሰው ጋቢ ሳይለብስ ነው የመጣው። በዚሁ መንገድ ላይ ነው አንድ ነገር የደረሰብኝ፤ ለሰው ብዙ አልተናገርኩትም።

ረዳት ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አንድ ወታደር ባሕር ዳር ላይ ፖስታ ሰጠኝ፤ ለታች ጋይንት ነበር። በሁለት እጁ ሰጠኝ፣ «አደራ» አለኝ። ከጸሐይ መከላከያው ጀርባ ሰካሁት። በዚያው ሳምንት መኪናው ጥገና ገባና ሌላ መኪና ላይ ተመደብኩ። ደብዳቤው እዚያው ቀረ። የረሳሁት እንዳይመስላችሁ፤ ማታ ማታ ትዝ ይለኝ ነበር፣ ጠዋት ሥራ ይውጠኛል። መኪናው ከጥገና ወጥቶ እጄ ሲገባ ፋሲካ አልፎ ነበር።

አርብን ጠብቄ በሌላ ሰው ሳልልክ ራሴ አርብ ገበያ ይዤው ወረድኩ። እናትየው ገበያ ወጥተው ነበር፤ የሚሸጡት ትንሽ ሽንብራ ከፊታቸው ተዘርግቷል። ማንበብ አይችሉም፤ «አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። የሰላምታውን ዝርዝር አነበብኩ፣ የአክስቶቹን ስም ሁሉ። መጨረሻው ላይ ሁለቱ መስመር መጣ፤ ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ ደብረ ታቦር ድረስ ሰው ላኩብኝ፣ መንገዱ ለብቻ አይሆንም ይላል። ድምፄ ቀነሰ። እሳቸው ግን ቀድመው አወቁ። «መጥቶ ሄዷል» አሉኝ። «ብቻውን ነው የመጣው። ሰው አልላካችሁብኝም ብሎ አኩርፎ ነበር። ደብዳቤ አልደረሰንም ብንለው አላመነም።» ከዚያ ፖስታውን ከእጄ ወስደው አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። «ሲመለስ አሳየዋለሁ» አሉ።

ለንደን ውስጥ የተኛውን ደብዳቤ ሲያነሱብኝ የማልስቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ፤ ደብዳቤ በጸሐይ መከላከያ ውስጥ አይቀመጥም፣ በደረት ኪስ ነው። ድሮ መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ከፊቱ ከፍ አድርጎ ይዞት ይሄድ ነበር። ላቡ እንዳያበላሸው ነው የሚሉ አሉ፣ ሁሉም አይቶ እንዲያሳልፈው ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሦስተኛ ምክንያት አለኝ፤ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለን ደብዳቤ መርሳት አይቻልም።

ከነፋስ መውጫ ወደ ምሥራቅ መንገዱ ጀርባ ላይ ይወጣል። በግራ የሚወርደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በቀኝ የሚወርደው ወደ በሽሎና ዓባይ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ነው ተመልሰው የሚገናኙት። መኪናው ጠባቧን ጀርባ ተከትሎ ሲሄድ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ቦታ አለ። አላሳያችሁም፤ ሹፌሩን «እዚህ ጋ ቀስ በል» ካላችሁት ራሱ ይቆማል።

ጨጨሆ የዚህ ሁሉ ቁልፍ ነው። የቤጌምድር በር ነበር፤ ኬላው እዚህ ቆሞ ነጋዴው ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም። ዘንግ የያዘ የንጉሥ መልእክተኛ ግን እንደ እንግሊዙ ጡሩምባ በሩ ይከፈትለታል፣ ያረፈበት አገርም ድርጎውን ያወጣለታል። «ከጨጨሆ በመለስ» ሲባል አገር ተከፍሎ ነው። ዛሬም ቢሆን ጋይንትን ከመቄት የሚለየው እዚሁ ነው፤ አልፋችሁ የወሎን አነጋገር በሻይ ቤቱ ውስጥ ትሰማላችሁ።

ከጨጨሆ ወዲያ ደብረ ዘቢጥ አለች። ይህ ደግሞ ደብዳቤ ከሰማይ የወረደበት አገር ነው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. የቤጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ በተፈሪ መንግሥት ላይ ተነስተው ጦራቸውን ወደዚህ አወጡ። አውሮፕላን መጣ። መጀመሪያ ያራገፈው ቦምብ አልነበረም፣ ወረቀት ነው፤ ራስ ጉግሣን ያወገዘ፣ ተከታዩንም እንዳይከተል የሚያስጠነቅቅ አዋጅ። ኬላ የለ፣ በኩል የለ፣ ከላይ ቀጥታ እጅ ላይ። መጋቢት 22 ቀን እዚያው አካባቢ አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። እኔ ይህን ለእንግዳ ሳወራ ሁሌ ስለ አውሮፕላኑ ይጠይቁኛል። ስለ ወረቀቱ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ከባላገሩ መካከል ማን ነው አንስቶ ያነበበላቸው?

አሁን ስልክ መጣ፣ ብር በስልክ ይላካል፣ ደብዳቤ ጻፍ ብትለው ልጁ ይስቃል። ጋቢናው ግን ባዶ አይሄድም። ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት የታዘዘ መድኃኒት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የምርመራ ውጤት፣ የታሸገ ቅቤ ወደ ታች፤ አዲስ ጫማ ወደ ላይ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ጨጨሆን አልፎ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ስልኩ ተቋርጦ ወሬ ተመልሶ በእግር ሄደ፤ «እገሌ አለ፣ እገሊት አለች» ብቻ በሚል ቁራጭ ወረቀት። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ሰሞን አለ። ስለዚህ ይህን ጉዞ ያማራችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ለጋይንት ሹፌር ደውሉ። ካርታ አይነግራችሁም። «እንዴት ነው?» በሉት። «ሰላም ነው» ካላችሁ ገና ነው፤ «ና፣ እኔም እየወጣሁ ነው» ካላችሁ ውጡ።

ባለፈው ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ልጅ መጣች፤ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሳለች። ፊቴን አነበበችው። ከዚያ በሁለት እጇ ትንሽ ፌስታል ሰጠችኝ፤ ጫር አድርጋ የጻፈችበት «ለአያቴ፣ ወገዳ፣ ስማዳ» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

«በማን በኩል?» አልኳት።

«አንተ ታውቃለህ» አለችኝና ሄደች። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ፌስታሉን ደረት ኪሴ ውስጥ ለመክተት ሞከርኩ፤ አልገባም፣ ስለዚህ እስከ ነፋስ መውጫ ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ ነዳሁ።